የአክስቴ ስልክ በ30 ቀን፦ ርካሽ ጥቅል ፍለጋ በጣና ዳር

የገና ማግስት ነበር፤ ታኅሣሥ 30 ቀን 2017። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ፣ አክስቴ ቤት አድሬ ንጋት 11 ሰዓት ላይ በድምጿ ነቃሁ። ነጠላዋን ተከናንባ ደጃፉ ላይ ቆማለች፤ ባለ ቁልፏን ስልክ ከጆሮዋ እያራቀች፣ መልሳ እያቀረበች ትደውላለች። ስልኩ የሚመልስላት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሂሳብዎ በቂ አይደለም። ሐይቁ ላይ አድረው መረባቸውን የሚሰበስቡት ዓሣ አጥማጆች ዳር ሳይደርሱ «ስንት ወጣ? ቆሮሶ ነው አምባዛ?» ብላ ካልጠየቀች፣ ለሁለቱ ሆቴሎች ምን ያህል እንደምታደርስ መናገር አትችልም። በዚያ ሰዓት የተከፈተ የካርድ ሱቅ የለም። እንደ ልማዷ የአየር ሰዓት ተበደረች፣ የአገልግሎት ክፍያው ተቆረጠባት፣ ደወለች።

ከሐይቁ ስትመለስ ቡና እያፈላች ጠየቀችኝ። «ልጄ፣ አንተ ሂሳብ ትሠራለህ። ይህ ስልክ ገንዘቤን የት ነው የሚያደርሰው? ርካሹ የትኛው ነው?»

የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ የሰው ወጪና ገቢ ስመዘግብ እውላለሁ። ለዚህ ጥያቄ ግን መልስ አልነበረኝም። ከጎረቤት የሚሰማው መልስ ብዙ ነው፤ አንዱ «ሲምሽን ቀይሪ» ይላታል፣ ሌላው «ያልተገደበውን ግዢ»፣ ሦስተኛው «ስማርት ስልኩን ዝጊው» ይላል። አንዳቸውም በቀን ስንት ደቂቃ እንደምታወራ አልጠየቋትም። እኔም አላውቅም ነበር፤ እርሷም እንዲሁ። «እቴቴ፣ አንድ ወር ስጪኝ» አልኳት። ማግስቱ ጥር 1 ነው። የእኛ ወር 30 ቀን መሆኑ ለዚህ ሥራ ትልቅ ምቾት ነበር፤ ወርሃዊ ጥቅልም 30 ቀን ስለሆነ ከወሩ መጀመሪያ የጀመረ ቆጠራ ከጥቅሉ ጋር አብሮ ይዘጋል።

ውል ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ተፈርሞ ለዓመት የሚቀመጥ ወረቀት ነው። በእኛ አገር ግን ከወሩ መጨረሻ ሂሳብ ተደምሮ የሚመጣለት፣ የድኅረ ክፍያ ደንበኛ የሚባለው፣ በአብዛኛው መሥሪያ ቤት ወይም ድርጅት ነው። እንደ አክስቴ ያለው ሰው የቅድመ ክፍያ ደንበኛ ነው፤ ካርድ ይሞላል፣ ከዚያ ጥቅል ይገዛል። ጥቅል በገዛ ቁጥር አዲስ ውል ይገባል ማለት ነው፤ መጠኑ፣ የሚያበቃበት ሰዓት፣ ወዴት መደወል እንደሚፈቅድ ሁሉ በዚያች ቅጽበት ይወሰናል። አክስቴ በጥር ወር ብቻ 45 ጊዜ እንዲህ ዓይነት ውል እንደገባች በኋላ ደረስንበት። አንዱንም አንብባው አታውቅም፤ ፊደል አልቆጠረችም፣ የምትለየው ቁጥር ነው።

ስልኳ ሁለት ነው። ባለ ቁልፉ የሥራ ነው፤ ባትሪው ቀናት ይቆያል፣ ዓሣ በነካ እጅ ቢይዙት አይበላሽም፣ ቁጥሩን ደንበኛ ሁሉ ያውቀዋል። ስማርት ስልኩ ሪያድ የሚሠራው ልጇ የላከላት ነው፤ የራሱ ሲም አለው፣ በኢሞ ፊቱን የምታይበት እርሱ ነው። ሁለቱም ቁጥሮች የ09 ናቸው። ጥቅል የምትገዛላት ፖሊ ግቢ የምትማረው ልጇ፣ የእኔ የአክስት ልጅ፣ ነች።

ደብተር አመጣሁ። ባለ ቁልፉ ስልክ የሚያስታውሰው የመጨረሻዎቹን ጥቂት ጥሪዎች ብቻ ስለሆነ በየማታው መገልበጥ ነበረብን፤ የአክስቴ ልጅ ከራት በኋላ ቁጭ ብላ ሰዓቱን፣ ቁጥሩንና ርዝመቱን ትጽፋለች። ቀሪ ሂሳቡን በ*804# ጠዋትና ማታ እንመለከታለን። ካርድ ሲሞላም ጥቅል ሲገዛም የሚመጣውን የማረጋገጫ መልእክት እንዳይጠፋ አደራ አልኳት፤ የወጪ ደረሰኝ እርሱ ነው። ለስማርት ስልኩ ድካም አልነበረውም፤ ማስተካከያው ውስጥ ገብቶ የዳታ አጠቃቀም የሚለውን ለከፈተ ሰው እያንዳንዱ መተግበሪያ ምን ያህል እንደበላ ለይቶ ያሳያል።

ጥር 30 ማታ ደመርን። በሁለቱ ስልኮች 514 ብር ወጥቷል። ከዚህ ውስጥ 105 ብሩ 21 ዕለታዊ የድምፅ ጥቅል የተገዛበት ነው። 164 ብር ያለ ጥቅል በቀጥታ ከዋናው ሂሳብ ተቆርጧል። 168 ብር ለ24 ዕለታዊ የዳታ ጥቅል ሄዷል። 21 ብር ለአየር ሰዓት ብድር የተከፈለ የአገልግሎት ክፍያ ነው። የቀረው 56 ብር ግን ለጥሪም ለዳታም አልዋለም። እርሱ ላይ እመለሳለሁ።

ያወራችው 412 ደቂቃ ነው፤ የደወለችው 236 ጊዜ። አንዱ ጥሪ በአማካይ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። «ስንት ወጣ?» «አሥራ አምስት ኪሎ።» «ይዘኸው ና።» አለቀ። ከ412ቱ ደቂቃ 289ኙ ወደ ስድስት ሰዎች ብቻ የሄደ ነው፤ ሦስት ዓሣ አጥማጆች፣ ሁለት የሆቴል ወጥ ቤት ኃላፊዎችና አንድ የባጃጅ ሹፌር። ከጥሪዎቿ ሁለት ሦስተኛው የሚደረገው ከንጋቱ 11 እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። እኔን በጣም ያነቃኝ ይህ የመጨረሻው ነው።

ምክንያቱም የገንዘቡ ቀዳዳ እዚያ ነበር። የአክስቴ ልጅ ጥቅል የምትገዛው ከእንቅልፏ ስትነሳ፣ 1 ሰዓት ተኩል ግድም ነው። ትንሿ ዕለታዊ ጥቅል በጠዋቱ ጥሪ ተጀምራ ከሰዓት በኋላ ሳትደርስ ታልቃለች፤ በቀጣዩ ንጋት አክስቴ ስትደውል ጥቅሉ ባዶ ነው። ጥቅል ሲያልቅ ደግሞ ስልኩ አይዘጋም፤ ዝም ብሎ ወደ ዋናው ሂሳብ ይሻገርና በመደበኛው ታሪፍ ይቆርጣል። በደብተሩ ላይ ከ11 እስከ 1 ሰዓት ያሉትን መስመሮች በቀይ እስክሪብቶ ሳሰምር ገጹ በሙሉ ቀላ። አክስቴ ቀይዋን መስመር በጣቷ ተከትላ «ይህ ሁሉ የንጋት ነው?» አለች። የንጋት ነው። ሥራዋ የሚጀምርበት ሰዓት የሙሉ ዋጋ ሰዓት ሆኖባት ኖሯል።

የድምፅ ወጪዋን፣ የጥቅሉን 105 እና የዋናውን ሂሳብ 164፣ በአንድ ላይ 269 ብር፣ ለ412 ደቂቃ ሳካፍለው አንድ ደቂቃ 65 ሳንቲም ወጣላት። ይህን ቁጥር ደብተሩ ራስጌ ላይ በትልቁ ጻፍኩት። ከዚያ በኋላ ማንኛውም ምክርና ማስታወቂያ የሚመዘነው በእርሱ ነው። ማስታወቂያ «ይህን ያህል ደቂቃ በዚህ ዋጋ» ይላል፤ ሊጠየቅ የሚገባው ግን ካለኝ ልማድ ጋር ስገዛው የተናገርኩባት ደቂቃ ስንት ትወጣልኛለች የሚለው ነው።

አሁን ወደ 56ቱ ብር። በየጠዋቱ ከአንድ አጭር ቁጥር የጽሑፍ መልእክት ይመጣላት ነበር፤ በመጣ ቁጥር 2 ብር ይቆረጣል። በጥር 28 ቀን መጥቷል፤ ሁለት ቀን የቀረው ሂሳቧ ባዶ ስለነበር ነው። መልእክቱን ሳነብላት የምክር ጥቅስ ነው። መቼ እንደተመዘገበች አታውቅም፤ ምናልባት የሆነ ቁልፍ ተነክቶ ይሆናል። «ጠዋት ጠዋት ስለሚመጣ የጸሎት መስሎኝ አላጠፋሁትም» አለችኝ። በዚህ ጊዜ ተናድጄ ነበር፤ ዛሬም ሳስበው እናደዳለሁ። ማንበብ ለማትችል ሴት በየቀኑ ጽሑፍ እየላኩ ገንዘብ መቁረጥ ምንም ስም ቢሰጠው ንግድ አይባልም። ወደዚያው አጭር ቁጥር «ስቶፕ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ልከን አቋረጥነው፤ ማቋረጫው ራሱ በማታውቀው ቋንቋና ፊደል መሆኑን ልብ ይሏል። አንባቢዬ የእናቱን ወይም የአባቱን ስልክ ዛሬ ማታ ተቀብሎ ከአጫጭር ቁጥሮች የሚመጡትን መልእክቶች አንድ በአንድ ቢያይ ከዚህ ጽሑፍ የሚያገኘው ትልቁ ጥቅም ያ ይሆናል።

ዳታው ሌላ ታሪክ ነው። በወሩ 2.6 ጊጋ ባይት ሄዷል። 1.5ቱ ኢሞ ነው፤ ለእርሱ ነው ዳታ የሚገዛው። 0.6ቱ መተግበሪያዎች ራሳቸውን ሲያድሱ የበሉት ነው። 0.4ቱ ቴሌግራም ማንም ሳይከፍተው ያወረዳቸው ቪዲዮዎች ናቸው፤ የዕድሩና የሰፈሩ ቡድን ውስጥ የሚላከው ሁሉ ስልኩ ላይ ይራገፋል። የቀረው 0.1 ልዩ ልዩ ነው። እንግዲህ ከአሥሩ አራት እጅ የሚሆነውን አክስቴ አልተጠቀመችበትም። በአንድ ማታ አስተካከልነው፤ መታደሱ በዋይፋይ ብቻ እንዲሆን ተደረገ፣ ስልኩን ልጇ በሳምንት አንዴ ግቢ ይዛው ትሄዳለች፤ ቴሌግራም ሳይጠየቅ እንዳያወርድ ተከለከለ፤ የዳታ ቆጣቢው በራ።

ግን ለምን 24 ቀን ዳታ ገዛች? ልጇ የደወለላት ቀን ስንቆጥር ዘጠኝ ብቻ ነው፤ አምስት ሐሙስና አራት እሑድ። ሐሙስ ማታ እርሱ ለዓርብ ዕረፍቱ ከሥራ የሚወጣበት ነው፤ እሑድ እርሷ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ቤት የምትሆንበት። ጥምቀትም በዚያ ዓመት እሑድ ስለዋለ ታቦቱን ሸኝታ እንደተመለሰች ነው ያገኛት። ይህን ልማድ ሁለቱም በቃል አልተነጋገሩትም፤ ደብተሩ ነው ያወጣው። በቀሩት 15 ቀናት የተገዛው ዳታ «ድንገት ቢደውል» ተብሎ ነው።

እኔ ወዲያው «ወርሃዊ ዳታ ግዢ» አልኳት። እምቢ አለችኝ፤ ምክንያቷንም ስትነግረኝ ዝም አልኩ። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለረጅም ወራት ተቋርጦ ነበር። «ለወር ከፍዬ በማግስቱ ቢጠፋስ?» ነው ያለችው። ዕለታዊ መግዛቷ ስንፍና ወይም አለማወቅ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የኖረችበት ነገር ያስተማራት ጥንቃቄ ነው። ዋጋ የሚያወዳድር ሰው ይህን ከሂሳቡ ውጭ ሊያደርገው አይገባም። የረጅም ጊዜ ጥቅል በአሃዱ ይረክሳል፤ ቢቋረጥ የሚጠፋው ግን ይበዛል። ስለዚህ ተስማማን፤ ሳምንታዊ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ይገዛል፣ ሐሙስንም እሑድንም ይይዛል፣ ቢጠፋ የሚጠፋው የአንድ ሳምንት ነው። ለልጁም ተነገረው።

ለድምፁ ግን ወርሃዊ እንዲሆን አልተከራከረችም፤ ድምፅ አልጠፋባትማ። ድምፅና ዳታ አንድ ላይ የያዙትን ድብልቅ ጥቅሎች ተውናቸው፤ ለአንድ ስልክና ለአንድ ሲም የሚሆኑ ናቸው፣ የእርሷ ሥራና ናፍቆት በሁለት ሲም ተከፍሏል። የሌሊት ጥቅልም ለእርሷ አይሆንም። ለሚፈልገው ሰው ግን አንድ ነገር ላስታውስ፤ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ሰዓት የተጻፈው በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳያረጋግጡ መግዛት ስድስት ሰዓት ያሳስታል።

ስለ ሌላው ሲም የሚጠይቅ ይኖራል። መስከረም 2015 ላይ ሳፋሪኮም በይፋ ሥራ ሲጀምር ለብዙ ዘመን ኢትዮ ቴሌኮም ብቻውን በነበረበት ገበያ ምርጫ መጣ፤ ይህ ለሁላችንም በጎ ነው፣ ማወዳደር የሚባለው ነገር ራሱ የተቻለው ከዚያ ወዲህ ነው። እኔም አንድ የ07 ሲም አውጥቼ በአክስቴ ልጅ ስልክ ላይ ከ09ኙ ጎን አድርጌ ሁለት ሳምንት ሞከርኩት። ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ቦታውንም ጭምር፤ ሽምብጥ ቤት ውስጥ፣ ዓሣው ከሚራገፍበት ሐይቅ ዳር፣ አንድ ቅዳሜም በጀልባ ዘጌ ድረስ ይዤው ሄድኩ። ከሁለቱ አንዱ ቤት ውስጥ፣ በተለይ ኢሞ የምታወራበት ጓዳ ጥግ፣ ይደክማል። ርካሽ ዳታ ፊት እያቆራረጠ የሚያሳይ ከሆነ ያችኑ ሰላምታ ሦስት ጊዜ መድገም ነው፤ ዳታውም ያን ያህል ይበላል። የትኛው ኩባንያ የት እንደሚደክም ከሰፈር ሰፈር፣ ከግድግዳ ግድግዳ ስለሚለያይ ስም መጥራት አይረባም። እያንዳንዱ ሰው ስልኩን በሚጠቀምበት ቦታና ሰዓት መሞከር አለበት።

በዋጋ በኩል ያየሁት ደግሞ ይህ ነው። ትልልቆቹ የዳታ ጥቅሎች ለአንድ ጊጋ ባይት ሲካፈሉ ይረክሳሉ፤ በየትኛውም ወገን። ግን አክስቴ ከ1.6 ጊጋ ባይት በላይ አያስፈልጋትም። ለሂሳብ እንዲመች የእውነት ያልሆነ የምሳሌ ዋጋ እንውሰድ፤ 1 ጊጋ ባይት 20 ብር፣ 5 ጊጋ ባይት 80 ብር ይሁን። ሁለተኛው በጊጋ ባይት 16 ብር ነው፣ የረከሰ ይመስላል። እርሷ 1.6 ተጠቅማ ቀሪው ጊዜው ሲያልፍ ግን እያንዳንዱ የተጠቀመችው ጊጋ ባይት 50 ብር ወጣላት። ሁለት ባለ 20 ብር ብትገዛ 25 ይሆን ነበር። አክስቴ በቅናሽ ስለተገኘ ብቻ የማትሸጠውን ዓሣ አትገዛም፤ ይህን ስነግራት ሳልጨርስ ገባት።

ከ09 ወደ 07 መደወልም አለ። ከስድስቱ ሰዎች የ07 ቁጥር የያዘው የባጃጁ ሹፌር ብቻ ነው፤ በወሩ 38 ደቂቃ። አንድ ጥቅል ወደ ሌላው ኩባንያ መደወልን ይጨምር አይጨምር ከመግዛት በፊት መነበብ አለበት፤ ካልጨመረ ጥቅል እያለ ከዋናው ሂሳብ ይቆረጣል። የእኛው መፍትሔ ከሂሳብ የቀለለ ነበር። ሹፌሩ ሁለት ሲም እንዳለው ስትጠይቀው ታወቀ፤ የ09ኙን ሰጣት።

የካቲት 1 ቀን ወደ 450 ደቂቃ የሚሆን ወርሃዊ የድምፅ ጥቅል በ180 ብር ተገዛ። በዚህ ወር በጣም ተማምኜ ነበር፤ 412 ደቂቃ ለምታወራ ሴት 450 ይበቃል። እስከ የካቲት 16 ድረስ 220 ደቂቃ ሄደ። ልክ እንደታሰበው ነው። የካቲት 17 ዓቢይ ጾም ገባ።

ይህን እንዴት ሳላስበው ቀረሁ? ዓሣንም የሚጾመው ሰው ብዙ ቢሆንም ሆቴሎቹ ግን በሁዳዴ ሥጋው ሁሉ ከምናሌ ሲወጣ ዓሣ ይጨምራሉ፤ የአክስቴ ሥራ በዓመት ውስጥ ጎልቶ የሚታየው በእነዚያ 55 ቀናት ነው። ጥሪው በቀን ወደ 25 ደቂቃ አደገ። ጥቅሉ የካቲት 26 ጠዋት አለቀ፤ አክስቴ ማለቁን ያወቀችው ማታ ልጇ ቀሪ ሂሳቡን ስታይላት ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ 71 ብር ከዋናው ሂሳብ ሄደ። ጥር ፍስክ ነበር፤ እኔ በፍስክ ለክቼ ለጾም ገዛሁ። ስህተቱ የእኔ ነበር፤ ነገርኳትም። «እኔም አላልኩህ» አለች፤ ጥፋቱን ለሁለታችን አካፈለችው።

እንዲያም ሆኖ የካቲት በ347 ብር ተዘጋ፤ ለድምፅ 251፣ ለአራት ሳምንት ዳታ 96። ለጥቅሱ ምንም፣ ለብድሩ ምንም። መጋቢትን በሚበልጠው ወርሃዊ ጥቅል ጀመርን፤ 748 ደቂቃ አወራች፣ ለድምፅ 290 ብር ወጣ፣ ደቂቃዋ 39 ሳንቲም ሆነች። በቀድሞው ልማድ በ65 ሳንቲም ብትሄድ ድምፁ ብቻ 486 ብር ይሆን ነበር። ሚያዝያ እኩሌታው ጾም፣ እኩሌታው ፋሲካ ስለሆነ ለማወዳደር አይመችም። ከጥር ጋር በትክክል የሚወዳደረው ግንቦት ነው። በግንቦት 431 ደቂቃ አወራች፤ ለጥቅሉ 180፣ ከዋናው ሂሳብ 9፣ ለዳታ 96፣ በድምሩ 285 ብር። ደቂቃዋ 44 ሳንቲም ገደማ ናት። ከጥር ጋር ሲተያይ 229 ብር ቀርቷል፤ ያወራችው ግን ጨምሯል እንጂ አልቀነሰም፤ ልጇንም እንደ ድሮው ታየዋለች።

እነዚህ ብሮች የአንድ ቤት የዚያ ሰሞን ወጪ ናቸው። ታሪፍ ይሻሻላል፣ ጥቅሎች ስማቸውም መጠናቸውም ይቀየራል፤ ዋጋውን በገዙበት ቀን በ*999# ከሚከፈተው ምናሌ ማየት ነው። በቴሌብር ሲገዙ ጭማሪ የሚሰጥበት ጊዜም ስላለ የአክስቴ ልጅ ከሁለቱ መንገድ የሚሻለውን አይታ ነው የምትገዛው።

የቀረን ንጋቱ ነበር። ጥቅሉ ባልታሰበ ቀን ቢያልቅ አክስቴ በ11 ሰዓት ማንን ትቀሰቅሳለች? ሁልጊዜ በልጇ እጅ መሆኑ ራሱ ያስወጣት እንደነበር ደብተሩ አሳይቷል። የአክስቴ ልጅ ከቁስል ፕላስተር ላይ አንድ ጣት የሚያህል ቆርጣ ከባለ ቁልፉ ስልክ ጀርባ ለጠፈችው፤ በላዩ በሰማያዊ እስክሪብቶ የሚነኩትን ቁጥሮች በተራ ጻፈችበት። ኮከብ፣ 999፣ መሰላል፣ ከዚያ ሦስት ቁጥሮች። አክስቴ ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ኩራዝ እንደምታበራ ሰው ዓይኗን አጥብባ ስትለማመድ ሰነበተች፤ እስከ መጨረሻው ሄዳ ማረጋገጫው ላይ ስትደርስ ትሰርዘዋለች። ምናሌው ሲለወጥ ፕላስተሩ ይቀየራል፤ እስከ አሁን ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። ለመጠባበቂያ የሚሆን ገንዘብም ቴሌብር ላይ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ካርድ ሻጩ እስኪከፍት መጠበቅም መበደርም የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን የገዛችው ሰኔ ውስጥ ነው። ደወለችልኝና «ይህን የምደውልልህ በገዛሁት ነው» አለችኝ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ደግሞ ጥያቄ ይዛ መጣች። በየወሩ 1 ቀን መግዛት ለምዳለች፤ የነሐሴ ጥቅል ነሐሴ 30 ያበቃል። «ጳጉሜንስ? ለአምስት ቀን ወር ልገዛ ነው?» እዚህ ላይ የምወደው 30 ቀን ጎደለ። ወርሃዊውን ጳጉሜን 1 ብትገዛ ከዚያ በኋላ ያለው ዓመት ሁሉ ከወሩ ቀን ይለቅባታል፤ ቀኑን የምትይዘው በወሩ አንደኛ ቀን ልደታ ነው። ሳምንታዊ የድምፅ ጥቅል ጳጉሜን 1 ተገዛ፤ አምስቱን ቀን ይዞ፣ የዕንቁጣጣሽን ጥሪ ጨምሮ፣ መስከረም 2 ያልቃል። የመስከረምን ወርሃዊ ግን አንደኛው ቀን ላይ፣ ሰው ሁሉ «እንኳን አደረሰሽ» እያለ በሚደውልበት ንጋት፣ ራሷ ገዛችው።